ያልበሰበሰ ቅጠል

አዛለች የባሕር ዛፍ ሽታ ሲሸታት ፊቷ ይጨማደዳል። ከመሐል ሜዳ ወይም ከደብረ ብርሃን የመጣ እንግዳ አፋፉ ላይ ቆሞ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ «እንዴት ያለ ንጹሕ አየር ነው!» ሲል እሷ ነጠላዋን ጎትታ አፍንጫዋን ትሸፍናለች። ጎረቤቶቿ ጉንፋን ሲይዛቸው ቅጠሉን አፍልተው፣ ጋቢ ተከናንበው ይታጠኑታል። አዛለች ግን ሳሉ ደረቷን ቢሰነጥቃት እንኳ አትሞክረውም። አንድ ጊዜ የንስሐ አባቷ አባ አትናቴዎስ «መድኃኒት እኮ ነው ልጄ» ቢሏት፣ «ለእኔ አጠገቤ የተኛ ሬሳ ነው የሚሸተኝ አባ» አለቻቸው። ሽማግሌው አማተቡ።

ቤቷ ከዘመሮ ወጣ ብሎ ገደል አፋፍ ላይ ካለች መንደር ውስጥ ነው። ከቤቱ በታች፣ ተዳፋቱ ላይ፣ አንድ ማሳ አለ። ይህን ማሳ የሰጧት አባቷ መሪጌታ ታዲዮስ ነበሩ፤ ስትዳር «ሌላ የምሰጥሽ የለኝም፤ ይቺ ግን አታሳፍርሽም» ብለው። እውነታቸውን ነበር። አፈሩ ጥቁርና ልስልስ ያለ ነበር፤ ሲያርሱት ከማረሻው ላይ እየተንሸራተተ ይወርዳል። በልጉ ሲቀና በበልግ፣ በልጉ እምቢ ሲል በክረምት ገብስ ይሰጣል። አዛለች በልጅነቷ እዚያ ማሳ ላይ ከአባቷ ጋር አርማለች፤ ካገባች በኋላም አጭዳበታለች።

ባሏ ጫኔ ጉልበተኛ ገበሬ ነው። አይሰክርም፤ አይማታም፤ ሰንበት አይሽርም። አንድ አመል ብቻ አለው፤ ይሰስታል። ከአውድማ ላይ የወደቀች ፍሬ ለወፍ አይተውም። እንግዳ ገበታ ላይ ሲቀርብ ዓይኑ የእንግዳውን ጉርሻ ከሞሰቡ እስከ አፍ ይሸኘዋል። አዛለች በትዳራቸው መጀመሪያ ይህን አይታ «ችግር ያስተማረው ጥንቃቄ ነው» እያለች ለራሷ ትነግር ነበር።

ከዚያ በልጉ ደጋግሞ የቀረበት ዘመን መጣ። መጋቢት ሲጋመስ ሰማዩ ታጥቦ እንደተደፋ ገንቦ ባዶ ሆኖ ይውላል። የተዘራው ከመሬት ብቅ ሳይል ይቀራል። በመንደሩ አንድ ሁለት ሰው ማሳውን በባሕር ዛፍ ሸፈነ፤ ሌላውም ተከተለ። ሰኔ ላይ አንድ ቀን አዛለች ከምንጭ ውሃ ቀድታ ስትመለስ ጫኔ ከአህያ ላይ ችግኝ ሲያራግፍ አገኘችው።

«ምንድን ነው እሱ?» አለችው።

«አይታይሽም? ባሕር ዛፍ ነዋ።»

«የት ልትተክለው?»

በአገጩ ቁልቁል አመለከታት። «ገብሱ ካላበላን ዛፉ ያብላን።»

«የአባቴን ማሳ?»

«የእኛን ማሳ። ደግሞ አትጨቅጭቂኝ፤ ሥሩ ተገልጧል፤ ዛሬ መሬት ካልገባ ይደርቃል።»

 ውሃውን አስቀምጣ፣ መቀነቷን አጥብቃ፣ ዝናቡ ጀርባዋን እየቀጠቀጣት አብራው ተከለች። ችግኙ በእጇ ሲገባ ለስላሳና ቀዝቃዛ ነበር። ጣቷን ስታሸተው ያ ሽታ አለ። በአመድ ታጠበችው፤ አልለቀቀም።

ዛፉ መቼም ማደግ ያውቅበታል። ጥቂት ክረምት እንዳለፈ ጣሪያውን በልጦ፣ ከቤቱ በር ሆና ታየው የነበረውን የሸለቆ ማዶ ጋረደባት። ጫኔ ጠዋት ጠዋት እየወረደ ግንዱን ያቅፋል፤ ውፍረቱን በክንዱ ይለካል። አዛለች የምታየው ግንዱን አይደለም። የምታየው የወደቀውን ነው።

ቅጠሉ ዓመቱን ሙሉ ይረግፋል። የሚረግፍበት ወቅት ኖሮት አርፎ ቢተው ምን ነበረበት! ነፋስ ሲነሣ ወደ ግቢው ይመጣል። ውሃ ስትቀዳ ከእንስራው ውስጥ ነው። ወተት ስታልብ ከማለቢያው ውስጥ ነው። ከሁሉ የባሰባት ግን የበግ ጠጉሩ ነው። አዛለች ለባና፣ ለደጋው የሱፍ ብርድ ልብስ፣ የሚሆን ጠጉር ትፈትላለች፤ በአገሩ ከሚታወቁት ፈታዮች አንዷ ነች። በጎቹ ዛፉ ሥር ሲጠለሉ ይውሉና ሲሸለቱ ያ የተሰባበረ ቅጠል እንደ ቅማል ጠጉሩ ውስጥ ተሰግስጎ ይገኛል። ብትለቅመው አያልቅ፤ ብታባዝተው ይደቅና ይበልጥ ይገባል። ክሩ ሲወጣ ጣቷን እየቧጠጣት ነው። አንዲት የመሐል ሜዳ ነጋዴ ክሩን አሽትታ፣ «ይሄ የምን ሽታ ነው? ሳል መድኃኒት ነክረሽበታል?» ያለቻት ቀን ለማልቀስ ትንሽ ነው የቀራት።

አንድ ቀን የጠፋች ጠቦት ፍለጋ ዛፎቹ መሐል ገባች። እግሯ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ሰመጠ። ሣር የለም፤ ቁጥቋጦ የለም፤ የጉንዳን መንገድ እንኳ የለም። ተንበርክካ ቅጠሉን በእጇ ገለጠችው። ከላይ የዘንድሮው ቀይ ቅጠል ነው። ከሥሩ የአምናው አለ፤ ግራጫ ሆኗል እንጂ ቅርጹ እንዳለ ነው። ከእሱ ሥር የካቻምናው፤ እሱም እንዳለ ነው፤ ሻጋታ እንደ ሸረሪት ድር አያይዞታል። ከሁሉም በታች አፈሩን አገኘችው። ከተማ ዳር እንደሚረገጥ መንገድ ደርቋል። ትናንት ዝናብ ሲጥል ውሎ ያደረ መሬት ነው፤ ከቅጠሉ ሥር ጠብታ አልደረሰውም። ዝናቡ በቅጠሉ ላይ ተንሸራትቶ ነው ወደ ምንጩ የወረደው። የምንጩ ውሃ ሻይ የሚመስለው ለዚህ ነበር። በጥፍሯ አፈሩን ጫረችው፤ የአባቷ አፈር መሆኑን ማመን አቃታት። ተነሥታ ከዛፉ ወጥታ አስመለሳት።

በዚያው ዓመት በቀበሌ ስብሰባ ላይ አንድ ባለሙያ ተነሥቶ ስለ አፈር ሲያስረዳ፣ «የወደቀ ቅጠል ለአፈር ምግብ ነው፤ ጠርጋችሁ አትጨርሱት» ብሎ ተናገረ። ብዙ ሌላ ነገርም ተናግሮ ነበር። ስለ ፍግ፣ ስለ እርጥበት፣ ዛፍን ከሌላ ተክል ጋር ስለ ማቀላቀል። ጫኔ ከዚያ ሁሉ ይዞ የተመለሰው «አትጨርሱት» የምትለዋን ብቻ ነው። በማግሥቱ ማሳውን በእሾህ አጠረው።

የመንደሩ ሰው የሚያነደው ኩበትና ቅጠል ነው። ከብት የሌለው ኩበት የለውም፤ ቅጠል ይለቅማል። ትርሲት የምትባል ባሏ የሞተባት ጎረቤት አለች። መሬቷ ለሰው በእኩል የሚታረስ፣ ጎጆዋ ከአዛለች ቤት በላይ ያለ፣ ዝምተኛ ሴት ነች። ጥርስ ባለው የእንጨት መቧጠጫዋ ከየሰው ዛፍ ሥር ቅጠል እየጠረገች ትቀቅልበታለች፤ ትጋግርበታለች። አጥሩ ከታጠረ በኋላ አንድ ከሰዓት በዳር በኩል ያፈተለከውን ቅጠል ሰብስባ፣ በገመድ አስራ፣ ተሸክማ ልትነሣ ስትል ጫኔ ደረሰባት።

አዛለች በር ላይ ተቀምጣ እየፈተለች ነበር። ሁሉንም አየች።

«አውርጂው!» አለ ጫኔ።

«ጋሽ ጫኔ፣ ከአጥሩ ውጭ ያለውን ነው» አለች ትርሲት።

«ከአጥር ውጭም ቢሆን ከዛፌ ነው የወደቀው። አውርጂው አልኩ!»

«ዛሬ የምማግደው የለኝም። ልጆቹ...»

ገመዱን ያዘና ጎተተው። ትርሲት ከነሸክሟ ወደ ኋላ ወደቀች። ጫኔ እሷን አላነሣትም። ሸክሙን ፈትቶ፣ ቅጠሉን በሁለት እጁ እየታቀፈ በአጥሩ ላይ ወደ ውስጥ በተነው። መሬት ላይ የቀረውን እንኳ አጎንብሶ፣ አንድ በአንድ እየለቀመ ወረወረው። ትርሲት ተነሥታ ቀሚሷን አራገፈች፤ ገመዷን ጠቅልላ ሄደች።

አዛለች እንዝርቷ ከእጇ ወድቆ ነበር። ያየችው የባሏ ጀርባ ነው፤ አንዲት የደረቀች ቅጠል ለማንሣት የታጠፈ ጀርባ።  ከዛፉ ወጥታ ሲያስመልሳት የተሰማት ያ ነገር ጉሮሮዋ ላይ መጣ፤ አሁን ግን ከሰው ነው የመጣው።

ልጃቸው ሳሌም ደብረ ብርሃን አግብታ ከሄደች ወዲህ ቤቱ ውስጥ ሁለቱ ብቻ ናቸው። ማታ ራት ስታቀርብ የጫኔን ብቻውን በሳህን አድርጋ ፊቱ አኖረችና የራሷን ይዛ ምድጃው ዳር ተቀመጠች።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለ።

«ራትህ ነው።»

«አንቺስ?»

«እኔ እዚህ እበላለሁ።»

እንዲህ ሆኖ ቀረ። ጫኔ «የሰሞን ኩርፊያ ነው» ብሎ ነበር፤ ኩርፊያው ግን ክረምቱን ተሻገረ። ባልና ሚስት ገበታ ለዩ የሚለው ወሬ መንደሩን አዳረሰ። አባ አትናቴዎስ ሊያስታርቁ መጡ። ጫኔ ከቤት እንዲወጣ ነገሩትና አዛለችን አጠገባቸው አስቀመጧት።

«ልጄ፣ መታሽ?»

«ኧረ አልመታኝም አባ።»

«ሌላ ሴት ያዘ?»

«የለም።»

«ታዲያ ጠላሽው?»

 «ጠላሁትስ ብዬ አልዋሽዎትም። ቢታመም አስታምመዋለሁ፤ ልብሱን አጥባለሁ። ግን ቀፈፈኝ አባ። እጁ ወደ እንጀራው ሲመጣ ያንን ቅጠል ሲለቅም ያየሁት ትዝ ይለኛል፤ አልዋጥልሽ ይለኛል።»

«ስለ ቅጠል ብለሽ?»

«እሱስ ያደረገው ስለ ቅጠል ብሎ አይደል?»

አባ አትናቴዎስ ጭራቸውን አወዛወዙ። በመጨረሻ «እግዚአብሔር ያብርድልሽ» ብለው ባርከዋት ወጡ። ጫኔን በር ላይ ምን እንዳሉት አዛለች አልሰማችም። እሱ ግን ለጥቂት ቀን አንገቱን ደፍቶ ሰነበተ፤ አጥሩን ግን አላነሣም።

ከጥምቀት በኋላ የአጣና ነጋዴዎች መጡና ከላይኛው ዳር ያለውን ዛፍ ቆርጠው ጫኑ። ቅርንጫፉና ጫፉ ክምር ሆኖ ቀረ። ደረቅ ቀን ነበር፤ ሰማዩ ጠርቷል፤ ሜዳው ነጭ ሆኗል። ጫኔ ክምሩን አቃጥሎ ቦታውን ሊያጸዳ አሰበ። ከቤት ብቅ ብሎ «ክብሪት ስጪኝ» አላት። ከምድጃው ጠርዝ አንሥታ አቀበለችው፤ ለምን እንደሆነም አልጠየቀችውም። በዚያን ጊዜ ከስጪኝና ከእንካ ያለፈ ንግግር አልነበራቸውም።

ክምሩ ነደደ። ነፋሱ ጠዋት ጸጥ ብሎ ነበረ፤ ረፋዱ ላይ ከገደሉ ሥር ተነሣ። አዛለች ጭሱን ያየችው ከክምሩ ራቅ ብሎ ከዛፉ መሐል ሲወጣ ነው። ነበልባል አይታይም። እሳቱ ቅጠሉ ሥር ገብቶ፣ በአምናውና በካቻምናው መሐል ውስጥ ለውስጥ እየሄደ፣ እዚህ ሲሉት እዚያ ብቅ ይላል። ከዚያ አንድ ላይ ተነሣ። ዘይት ያለው ቅጠል ሲነድ እንደ ጨርቅ የሚቀደድ ድምፅ አለው።

ኡኡ አለች። ከሁሉ ቀድማ የደረሰችው ትርሲት ነች፤ መቧጠጫዋን ይዛ። ማንንም ሳትጠይቅ ከነፋሱ ፊት ቀድማ ቅጠሉን ወደ ኋላ ትጠርግ ጀመር። ሌላው ሰው አካፋም፣ መጥረጊያም፣ እርጥብ ቅርንጫፍም ይዞ ደረሰ። አፈሩ እስኪታይ ድረስ ጠረጉ፤ አፈር በተኑ። ጫኔ ከወዲያ ወዲህ ይሮጣል፤ «ዛፌን! ዛፌን!» ይላል። አዛለችም ከትርሲት ጎን ሆና በእጇ ስትዝቅ ነበር፤ ቅንድቧ ተለብልቧል።

በጎቹ ግጦሽ ስለነበሩ ተረፉ። ጋጣው ግን ከዛፉ ጋር የተጠጋ ነበርና እሳቱ በአጥሩ እሾህ ላይ ተሻግሮ ያዘው። ጋጣው ቆጥ ላይ አዛለች የዓመቱን ፈትሏን አስቀምጣ ነበር፤ ተፈትሎ፣ ተጠቅልሎ፣ ለሸማኔው ሊሄድ የተዘጋጀ። ጠጉር ሲቃጠል የሚሸተውን የሚያውቅ ያውቀዋል። ያ ሽታ ከባሕር ዛፉ ዘይት ጋር ተቀላቅሎ መንደሩን ሸፈነው። ልጆች አፍንጫቸውን ይዘው ሸሹ። አዛለች ግን እዚያው ቆመች። 

ማምሻውን እሳቱ ጠፋ። እኩሌታው ዛፍ ጠቁሯል፤ መሬቱ አመድ ሆኗል። ሰዉ ሁሉ ፊቱ ከሰል መስሎ፣ ውሃ እየተቀባበለ ሲጠጣ ጫኔ ድንገት ተነሥቶ ትርሲትን በጣቱ ጠቆማት።

«እሷ ናት!» አለ። «ቅጠል ስለከለከልኳት ቂም ይዛብኝ ነው። መጀመሪያ የደረሰችውስ ለምንድን ነው? ቀድማ ስለምታውቅ ነዋ!»

ትርሲት ውሃ የያዘችበትን ጣሳ መሬት አስቀመጠች። እጇ ውሃ ቋጥሮ ነበር። «እኔ?» ብቻ ነው ያለችው።

አዛለች አፏን ልትከፍት ስትል ሰዉ በጩኸት ቀደማት። ነገሩ ለእሑድ ለሽማግሌ ተቀጠረ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ ከጥዱና ከወይራው ሥር ተቀመጡ። ሰብሳቢው አቶ ኃይለ ኢየሱስ የሚባሉ፣ ቸኩለው የማይፈርዱ አዛውንት ናቸው። አዛለች ሴቶቹ መሐል መሬት ላይ ተቀምጣለች። ሳታስበው እጇ ከጥዱ ሥር ያለውን መሬት ይነካካል። ከላይ ጥቂት ደረቅ ቅጠል አለ፤ ጣቷ ትንሽ ሲገባ ቅጠሉ ቅጠልነቱን ትቶ ጥቁር፣ እርጥብ፣ የሚፈራርስ አፈር ሆኗል። ትል ተጠቅልሎ ወጣ። አባቷ እዚህ ግቢ ውስጥ ነው የተቀበሩት።

ጫኔ ተነሥቶ ክሱን አሰማ። በእሳቱ ቀን ከተናገረው ይልቅ አሁን አሳምሮታል። ትርሲት ጠዋት በአጥሩ ዳር ስታልፍ እንዳያትም ጨምሯል። ትርሲት «አላደረግሁም» ብላ ማለች።

«ምስክር አለ?» አሉ አቶ ኃይለ ኢየሱስ።

አዛለች ተነሣች። ሴቶቹ ቀሚሷን ሊጎትቱ ሞከሩ።

«እኔ አለሁ። ክብሪቱን ለባሌ ያቀበልኩት እኔ ነኝ። ቅርንጫፍ ሊያቃጥል ነው የወሰደው። አቃጥሏልም። ትርሲት መሮጧ እሳቱን ልታጠፋ ነው፤ እጇን ተመልከቱት።»



«አንቺ፣» አለ ጫኔ፣ «ባልሽን?»

«አዎ፣ ባሌን» አለች። ወደ እሱ ዞረች፤ ዓመት ሙሉ ፊት ለፊት ያላየችውን ፊቱን አየችው። «ዛፉ ነደደ፤ ይንደድ። ፈትሌ ነደደ፤ እፈትላለሁ። ያንተ አፍ ግን! እጇ ላንተ ዛፍ የተቃጠለባትን ሴት፣ ያውም ቅጠል የነፈግካትን! እንዴት አልቀፈፈህም? እኔ ምራቄን መዋጥ አቅቶኛል።»

ጫኔ ተቀመጠ። ብዙ ሳይቆይ ክምሩን ለኩሶ ወደ በጎቹ እንደሄደ፣ እሳቱ ሲነሣም አጠገቡ እንዳልነበረ አመነ። ሽማግሌዎቹ በአገሩ ወግ ፈረዱ፤ ጫኔ ድንጋይ ተሸክሞ ትርሲት እግር ሥር ወድቆ ይቅርታ እንዲጠይቅ፣ አጥሩንም እንዲያነሣ። ወደቀ። ትርሲት «ይቅር ለእግዚአብሔር» ብላ ድንጋዩን ከጫንቃው አወረደችለት፤ በጨርቅ በታሰረው እጇ። አዛለች ይህን ስታይ ለባሏ የሚያዝን ልብ አላገኘችም። ፊቷን አዞረች።

ከዚያ ለአቶ ኃይለ ኢየሱስ አንድ ነገር ጠየቀች። የተቃጠለው ዛፍ ከተቆረጠ በኋላ ማሳው ወደ ገብስ እንዲመለስና ምን እንደሚዘራበት እሷ እንድትወስን። ሽማግሌዎቹ ጫኔን አዩት። «ይሁን» አለ ከመሬት ሳይነሣ።

ገብሱ ግን እሺ አላለም። በመጀመሪያው ክረምት ከጉቶው መሐል የዘራችው ቢጫ ሆኖ ወጣ፤ ጣት አክሎ ቀጨጨ። የቀበሌው አዲስ የግብርና ባለሙያ ማርያማዊት መጥታ አብራት ማሳውን ዞረች። ልጅ እግር ናት፤ ጭቃ አትፈራም።

«እትዬ አዛለች፣ ዛፉ ከአፈሩ የወሰደው ሁሉ እዚያ ተከምሮ አለ» አለቻት፣ እሳቱ ያልደረሰበትን የቅጠል ምንጣፍ እያሳየች። «ቅጠሉ በስብሶ ነው የሚመልሰው። የባሕር ዛፍ ቅጠል ደግሞ ዘይት አለበት፤ በዚህ ብርድ ብቻውን ቶሎ አይበሰብስም። የአፈሩ ምግብ ውስጡ ተዘግቶ ነው ያለው።»

«ታዲያ ምን ይደረጋል ልጄ? ልጣለው?»

«ኧረ አይጣሉት! ጉድጓድ እናስቆፍርና ከበግ ፍግ፣ ከከብት አዛባ፣ ከሽንት፣ ከአመድ ጋር እናቀላቅለው። ውሃ እናጠጣው፤ እናገላብጠው። አፍንጫዎን ግን ይያዙ።»

እውነትም አፍንጫ የሚያስይዝ ሥራ ነበር። አዛለችና ትርሲት ቅጠሉን ጠርገው በጎቹ ሥር ያነጥፉታል፤ በጎቹ ሸንተውበት ረግጠው ሲያጨቀዩት አውጥተው ጉድጓድ ይከቱታል። አዛባ ያፈሱበታል። ሲያገላብጡት ከሥሩ ትኩስ እንፋሎት ይወጣል፤ እንደ ከረመ እንቁላል ይገማል። ነጭ ትል እየተላወሰ በክንዳቸው ይወጣል። ጎረቤት መንገዱን ቀየረ። ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ አዛለች አጠገብ የሚቆሙ ሴቶች ቀስ እያሉ ይሸሻሉ። አንዷማ «ቆዳ ፋቂ ሆነሽ ነው እንዴ?» አለቻት በሹክሹክታ።

አዛለችም አልወደደችውም። ምግብ መብላት እስኪያቅታት ያንገፈግፋት ነበር። አንድ ቀን ጉድጓዱ ዳር ቁጭ ብላ ስታስመልስ ትርሲት ጀርባዋን እየደባበሰች፣ «ተይው እኔ ላገላብጠው» አለቻት።

«አይሆንም» አለች አዛለች አፏን እየጠረገች። «ይሄኛው ግማት ቢያንስ ወደ አንድ ነገር ይሄዳል።»

ሁለተኛው ክረምት ሲወጣ ከጉድጓዱ ታች ያለውን ቅጠል ፈለገችው፤ አጣችው። ጥቁር ነገር ነው ያገኘችው፤ በጭብጧ ስታደርገው የሚያያዝ፣ ስትለቀው የሚፈርስ። ከጉድጓዱ አጠገብ ባለችው መደብ ላይ በተኑት። በዚያች መደብ ላይ ገብሱ እስከ ወገቧ ቆመ። ሌላው ማሳ ገና ቀጭን ነው፤ ጉቶውም በየዓመቱ ያቆጠቁጣል። አዛለች ቡቃያውን በገጀራ ስትመታው ያ ሽታ ፊቷ ላይ ይረጫል፤ ትተፋለች፤ ትመታለች።

ጫኔ አንድ ቀን ሳይጠራ መጥረቢያ ይዞ ወረደና ከታችኛው ዳር ጉቶ መንቀል ጀመረ። ለእሷ ይቅርታ አላላትም፤ እሷም አልጠየቀችውም። ውሃ ወስዳ ሰጠችው። ገበታቸው ግን እንደተለየ ነው። አባ አትናቴዎስ አሁንም በየፋሲካው ያነሡባታል፤ እሷም «ገና ነው አባ» ትላቸዋለች። የመጣባትን መጸየፍ በግድ ልትውጠው ሞክራለች፤ እምቢ ብሏታል። አንዳንድ ቀን ጉቶ ሲነቅል ዞር ብላ ታየዋለች፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ ያ የታጠፈ ጀርባ ሲታያት ዓይኗን ከእሱ ላይ ታነሣለች።

ባለፈው መስከረም ደብረ ብርሃን ያገባችው ልጃቸው ሳሌም ስልክ ደወለች። ሰላምታው ሲያልቅ፣ «እማዬ፣» አለች፣ «እኔ እንግዲህ ተመልሼ አላርስ። ከማሳው የእኔ የምትሉትን ያህል ባሕር ዛፍ ብታስተክሉልኝስ? ሰው ሁሉ እያስተከለ ነው።»

አዛለች ስልኩን ከጆሮዋ አራቀችው።  በር ድረስ ሄዳ ውጭ ተፋች። ማዶ ያሉት ተረተሮች ሁሉ ባሕር ዛፍ ለብሰዋል፤ የጎረቤቷ የይታየው ማሳም ዘንድሮ ችግኝ ገብቶበታል።

«እማዬ? አለሽ?»

«አለሁ። አይሆንም፤ አላስተክልም።»

«ኧረ እማዬ...»

«ከአባትሽ ጋር ተነጋገሪ» አለችና ስልኩን መደቡ ላይ ለተቀመጠው ለጫኔ አቀበለችው። ምድጃው ዳር ቁጭ ብላ ቆሎውን ማመስ ቀጠለች፤ ጆሮዋ ግን እሱ ዘንድ ነው።

ጫኔ ልጁን ብዙ ሰማት። 

«መሬቱ የእናትሽ ነው» አለ። «እሷን ጠይቂ።»

ሳሌም የሆነ ነገር አለች።

«እንግዲያው እምቢ ካለች እምቢ ነው» አለና ስልኩን እንዴት እንደሚዘጋ ስለማያውቅ እንዳለ መደቡ ላይ አስቀመጠው። ልጅቷ ከውስጡ «አባዬ! አባዬ!» እያለች ስትጣራ አዛለች ተነሥታ ዘጋችው።